ጌታሁን መሳሳት ያቆመ ጊዜ

በቀደም የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀና ላሠራው ወደ ናይሮቢ መሃል ከተማ ወረድኩ። ካረጀሁ ወዲህ ከሰፈሬ ከኢምባካሲ ብዙም አልወጣም፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ መውጣት መውረዱ ለጉልበቴ አልሆን ብሏል። ሱቁ ውስጥ ያለው ኬንያዊ ወጣት ስልኬን ሲያገላብጥ ቆየና ፈገግ ብሎ፣ "ምዜ፣ ይሄን ተወውና አዲስ ግዛ። አዲሱ፣ ሲደክምህ በአንተ ፈንታ ለሰዎች መልስ ይሰጥልሃል" አለኝ። ምዜ የሚሉት እኔን የመሰለውን ሽማግሌ ሲያከብሩ ነው። "ልጄ፣ እሱን አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ፣ ይበቃኛል" ብዬው ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ከማዶ ማንዳዚ የሚባለው ብስኩት የሚጠበስበት ዘይት ሲሸተኝ ነው የት እንደቆምኩ ያስተዋልኩት። ይህ መስታወት በመስታወት የሆነ የስልክ ሱቅ ድሮ የአገራችን ልጅ የብርቄ ምግብ ቤት የነበረበት ነው። ውጪውን ቢቀቡትም ደረጃው ያው ነው። ጓደኛዬ ጌታሁን በየቅዳሜው የሳይንስ ዜና በአፉ ሙሉ ይዞ የሚወጣው በዚህ ደረጃ ነበር። ጌታሁን አሁን በሕይወት የለም። መሞቱን እንዴት እንደሰማሁ ግን ለማንም በወጉ አልተናገርኩም፤ ዛሬ ልናገረው።

ዘመኑን በቁጥር ልጥራ ብል እሳሳታለሁ። ሐበሻው ከሚኖርበት ከኢስሊ መሃል ከተማ በማታቱ አሥር ሽልንግ የነበረበት፣ የኮንጎ ጊታር የማታቱን መስኮት እስኪያንቀጠቅጥ የሚጮህበት፣ ረዳቱ በአንድ እግሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበት ዘመን ነው። እኔ ከብርቄ ቤት ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ የመኪና መለዋወጫ እሸጥ ነበር፤ ጌታሁን ደግሞ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን ይሠራ ነበር። የሁላችንም ልብስ ከጊኮምባ የሰልባጅ ገበያ ነው። እኔ በሰፋፊ ሱሪና በአበባማ ሸሚዝ የታወቅሁ ነበርኩ፤ ዛሬ ፎቶውን ሳይ አፍራለሁ። ጌታሁን ግን አንድ ቀን ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት ገዛና ከዚያ ወዲያ ሌላ ልብስ እርም አለ። የሳይንስ ሰዎች የሚለብሱት እንዲህ ያለ ኮት ነው ብሎ ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። በየካቲት ሙቀትም በሐምሌ ብርድም እሱኑ ነው።

ከደረጃው ሥር ጋዜጣ አስፋልት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። መግዣ ለሌለው ደግሞ ትንሽ ሳንቲም ተቀብሎ እዚያው ቆሞ እንዲያነብ ያከራያል። ጌታሁን ተከራይ ነው። ፖለቲካውንና ኳሱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያልፍና የሳይንሱን ገጽ ሲያገኝ ግንባሩን ቋጥሮ እየተንተባተበ ያነበዋል። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ዜናውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ችግሩ፣ ዜናው ደረጃው ላይ ያድጋል። ከታች አይጥ ላይ የተሞከረው መድኃኒት ጠረጴዛችን ጋ ሲደርስ ሰው አድኗል። ለዛሬ ሃምሳ ዓመት የታሰበው መንኮራኩር ለመጪው ፋሲካ ተሳፋሪ ይፈልጋል። ወንበሩን እየሳበ ገና ሳይቀመጥ "ስማኝማ ደምሴ" ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ እሱ ዝም አይልም።

"ስማኝማ ደምሴ፣ ሰው ስልኩን በኪሱ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ ደርሷል።"

"ሽቦውስ?"

"ሽቦ የለውም።"

"ታዲያ ድምፁ በምን በኩል ነው የሚሄደው፣ በጸሎት?"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱ አይስቅም፤ ኮቱን ያስተካክልና እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳኛል። ፈረንጆቹ አንዲት በግ ከሌላ በግ ገልብጠው ሠሩ የተባለ ሳምንት ደግሞ ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "እንዲያማ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንዷን ለፋሲካ ማረድ፣ አንዷን ማስቀመጥ ነዋ" አለች። ጌታሁን ተቆጣ። ሳይንስ የወጥ ቤት ጉዳይ አይደለም አላት። ብርቄም ከፊቱ ያቀረበችውን ሳህን ብድግ አድርጋ ሄደች፤ ይቅርታ እስኪጠይቃት ድረስም አልመለሰችለትም። ኮምፒዩተሮች ሁሉ በፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ይታወራሉ፣ አውሮፕላን ይወድቃል፣ ባንክ ይዘጋል የተባለ ጊዜ የመንገዳችን ነጋዴ በሙሉ ዱቄትና ሻማ ሲያከማች እሱ እግሩን ዘርግቶ ሻዩን ይጠጣል። "እኛን አይመለከትም። በእኛ አቆጣጠር ገና ሰባት ዓመት ከምናምን ይቀረናል" አለን። ኢትዮጵያዊው አንተ ነህ እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም ብንለው፣ "ኮምፒዩተሩን የሚነካው እኔ ነኝ" አለ። ያ ቀን ምንም ሳይሆን አልፎ ሲሄድማ ማን ይቻለው፤ ወሩን ሙሉ በዚያ ስሌቱ መላ ናይሮቢን ያዳነ ይመስል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ ጌታሁን ወረቀቱን መልሶም አይለቅም።

ከሁሉም የከፋው ጠባችን የሥጋው ነው። ይኼ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለታችንም ሽበት ካበቀልን በኋላ ነው የመጣው። ከብት ሳይታረድ ሥጋ በብርጭቆ ውስጥ አሳድገው ቀመሱ የሚል ዜና ወጣ፤ ወቅቱ ጾም ነበር። ጌታሁን ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ፈረደ። "ካልታረደ፣ ደም ካልፈሰሰ፣ ነፍስ ካልወጣ ጾም ነው። በቃ፣ እንደ ቲማቲም ማለት ነው።" ሥጋ ሥጋ ነው ስለው ደንቆሮ አለኝ። ቄስ እንጠይቅ ስለው ቄስ ስለ ብርጭቆ ምን ያውቃል አለኝ። በሁዳዴ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ እበላዋለሁ ብሎ ማለ። ተኮራርፈን ቆይተን ያስታረቀችን ብርቄ ናት፤ ስንታረቅም ግን ቲማቲም ነው የሚለውን አልተወም።

ያ ጠረጴዛ የሳቅ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ስልክ ያለው ሐበሻ ጥቂት ስለነበር ከአገር ቤት የሚመጣ የሞት ወሬ የሚገባው በአብዛኛው በብርቄ ስልክ ነው። ስልኩን ዘግታ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ ስታደርግ ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ዘመዱ ለሞተበት ሰው ወዲያው አይነገርም። የታመመ ከሆነ እስኪድን ይጠበቃል፤ አራስ ከሆነች አርባ ቀኗ ሳይወጣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ጊዜው ሲደርስ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ አራት አምስት ሆነን በሩን እናንኳኳለን። መርዶውን የሚናገረው ሁልጊዜ ጌታሁን ነበር። አይጡን ሰው የሚያደርገው አፍ እዚያ ላይ አንድ ቃል አይጨምርም። አጠገቡ ይቀመጥና እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ "እናትህ አርፈዋል" ይላል። ከዚያ ሰውየው ጮኾ እስኪወጣለት ይዞት ይቆያል። አንድ ጊዜ አባቷ ሞቶ ገና ያልተነገራትን አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ልጄን ሊያን ይዣት ሄድኩ፤ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ እዚሁ ናይሮቢ የተወለደች። እዚያ ስንስቅ ስንጫወት አይታን ስንወጣ፣ "አባዬ፣ ይሄ ውሸት አይደለም?" አለችኝ። "አይደለም። እስክትጠነክር ድረስ እኛ ተሸክመንላት ነው" አልኳት።

ጌታሁን ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ፣ ልጁ ዳዊት ዘንድ ገባ። የብርቄም ቤት ተዘጋ፤ የቀረነው ሽማግሎች በየሰፈራችን ተበተንን። ቅዳሜ ግን አልቀረም። በየቅዳሜው በስልክ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። የሱ መልእክት ረጅም ነው፤ እየበላ ይናገራል፣ መሃል ላይ የጎረቤቱን ውሻ ይሳደባል፣ ሰው ሲገባ ሰላም ብሎ ይመለሳል። ባለፈው ገና ሰሞን እኔ ደረቴን አመመኝና ሆስፒታል ገባሁ። የልቤ ቧንቧ ጠቦ ኖሮ ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ። ይህን ሲሰማ፣ "ስማኝማ ደምሴ፣ እንግዲህ አሁን ግማሽህ ማሽን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳይንስን መሳደብ አትችልም" ብሎ ላከብኝ። አልጋው ላይ ሆኜ ስስቅ ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ ለሊያ ድንጋጤ አደገኛ እንደሆነ አጥብቆ ነገራት።

ቤት ገብቼ ማገገም ከጀመርኩ በኋላም ቅዳሜዎቹ ቀጠሉ። ብቻ መልእክቱ አጠር አጠር አለ። ድምፁ የሱው ነው፣ "ስማኝማ ደምሴ"ም ያው ነው። ውሻው ግን የለም፤ ማኘኩም የለም። ዳዊት ጥሩ ስልክ ገዝቶለት ይሆናል አልኩ። ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ጌታሁን ልክ መሆን ጀመረ። ስለ ማርስ ስጠይቀው ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል አለኝ። ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት ስጠይቀው ሙከራው በእንስሳ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ተስፋ ማብዛት አያስፈልግም አለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እርጅና አረጋጋው መሰለኝ። "ሊያ፣ ጌታሁን ልብ ገዛ እኮ" ብያት ስስቅ ልጄ ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ስሰማ ያ በብርጭቆ የሚያድገው ሥጋ የሆነ አገር ላይ ለገበያ ቀርቧል አለ። ደስታዬን አልችለውም። ስልኬን አንስቼ፣ "ጌታሁን፣ ቲማቲምህ ገበያ ወጥቷል። ጾሙም ገብቷል። እንግዲህ ፊቴ ቁጭ ብለህ ብላዋ" ብዬ ላክሁ። ስድቡን ለመስማት ሻዬን ቀድቼ ጠበቅሁ። መልሱ መጣ።

"ስማኝማ ደምሴ፣ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በአንድ በኩል እንስሳ ስላልታረደ እንደ ጾም ምግብ የሚያዩት ሰዎች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ መነሻው ከእንስሳ ስለሆነ እንደ ሥጋ የሚቆጥሩት አሉ። የሃይማኖት አባቶችን ማማከር ይበጃል።"

ደጋግሜ ሰማሁት። ጌታሁን በዕድሜው ሙሉ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣብኝ ታሞ ይሆናል፣ አእምሮውን አንድ ነገር ነክቶት ይሆናል የሚል ነው፤ እንዲያ ቢሆን እንኳ በወደድኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ሆዴ ግን አውቋል። ስልኩን እንደገና አነሳሁትና በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደውን ነገር አልኩት። "ጌታሁን፣ ያ ኮትህ የሳይንስ ሰው ኮት አልነበረም። የሱቅ ዘበኛ ኮት ነበር።" ትንሽ ቆይቶ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ያ ኢስሊን ከዳር እስከ ዳር ሲያደነቁር የኖረ ድምፅ፣ በለሆሳስ መለሰልኝ። "ስማኝማ ደምሴ፣ ስሜትህን እረዳለሁ" አለኝ።

ልቤ ሲሰበር ተሰማኝ። ሐኪሙ ቱቦ ያስገባበት ልብ አይደለም፤ ያኛው ደህና ነበር።

ሊያ ከጊጊሪ፣ ከመሥሪያ ቤቷ መልስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ገዝታ ትመጣለች። ስትገባ እንደተቀመጥኩ ነኝ። "ሊያ፣ ጌታሁን መቼ ነው የሞተው?" አልኳት።

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። "አባዬ…"

"መቼ ነው?"

"ከገና በኋላ። አንተ ሆስፒታል እያለህ። ተኝቶ ነው የሞተው፣ አልተሰቃየም።" አጠገቤ ተቀመጠች። "ዶክተሩ ኖ ሾክ አለ፣ አባዬ። ዳዊትን ደውዬ ፕሊስ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አልኩት። የጋሽ ጌታሁን ስልክ እሱ ጋ ነው። የድሮ መልእክቶቹን በሙሉ ለኮምፒዩተሩ ሰጠው፣ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ተማረ። አንተ የምትልከውን ያስገባለታል፣ መልሱን ኮምፒዩተሩ ራሱ ጽፎ በጋሽ ጌታሁን ድምፅ ይናገረዋል። ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር ያሰብነው። ከዛ አንተ ኤቭሪ ሳተርዴይ እንደዛ ስትስቅ… አይ ኩድንት፣ አባዬ። አቃተኝ።"

"አርባው እንኳ ወጥቷል" አልኩ።

"ወጥቷል።" እያለቀሰች ነበር። "አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? እስክትጠነክር ተሸክመንላት ነው ያልከኝ አንተ ነህ።"

እውነቷን ነው። በልጄ አልተቆጣሁም፣ በዳዊትም አልተቆጣሁም፤ አባቱን ቀብሮ መጥቶ በአባቱ ድምፅ እኔን ሲያጫውት የከረመ ልጅ ነው፣ እሱ የቻለውን እኔ አልችለውም ነበር። የከፋኝ ሌላ ነው። ጌታሁን አፈር ሲለብስ እኔ ስለ ማርስ ከማሽን ጋር ስከራከር ነበር። በሞተበት ሰሞን ሳቅሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ለኖረ ሰው አንድ ዘለላ እንባ አላወጣሁለትም፤ በእንባው ፈንታ ቅዳሜ ይሰጡኝ ነበር። አሁንም ላለቅስ ብሞክር እምቢ አለኝ፣ ዓይኔ ደረቅ ሆነ።

"ብርቄ ጋ ደውይ" አልኳት። "ሰው ይዛ ነገ ጎህ ሲቀድ ትምጣ።"

"አባዬ፣ ነገርኩህ እኮ።"

"ስለጠየቅሁሽ ነው የነገርሽኝ። ጠይቆ መስማት መርዶ አይደለም። በወጉ ሳልረዳ ላለቅስለት አልችልም።"

በማግሥቱ የመጀመሪያው አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ለብሼ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ተንኳኳ። ብርቄ ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ከድሮው ጠረጴዛ የቀሩትን ሁለት ሽማግሎች አስከትላ ገባች። እኔም እንደ ደንቡ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ "ምነው በማለዳ፣ በደህና ነው?" አልኩ። ዙሪያዬን ተቀመጡ። ብርቄ "ደምሴ" ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ተቆረጠ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት አየ። ሌላው ብርቄን ያያል። ስንቱን ቤት አብረን አንኳኩተን ስንቱን አስለቅሰናል፣ ከመካከላችን ግን አንድም ቀን መርዶ የተናገረ ሰው አልነበረም። ያ ሥራ የጌታሁን ነበር። ጠበቅኋቸው፤ እነሱም እሱን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ሊያ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"አባዬ" አለች፣ "ጋሽ ጌታሁን ሞቷል።"

ከትናንት ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ግን ከወንበሩ ወደ መሬት ወረድኩ፤ ወንድሜን፣ ወንድሜን ብዬ ጮኽኩ። ብርቄ ደረቴን ይዛ ልብህን፣ ልብህን ትለኛለች፣ እሷም ታለቅሳለች። ጩኸቱን የሰሙ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን በፒጃማቸው እየሮጡ መጡና ፖሌ፣ ፖሌ ሳና እያሉ በስዋሂሊ እያጽናኑኝ፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳያውቁ መሬት ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ለእኔ ጌታሁን የሞተው ያን ጠዋት ነው።